ጭረቱን ላስለቅቅ ወይስ ፕላስቲኩን ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ውስጥ የምሠራ ልጅ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ከእጄ አይጠፋም። የፊት መከላከያዬን፣ ፌስ ሺልድ የምንለውን፣ ከገዛሁት ገና ሦስት ወሩ ነው። ግን በቀኝ ዓይኔ ትይዩ ያለው ቦታ ተጫጭሮ አልቋል። መብራት ሲያርፍበት የሸረሪት ድር ይመስላል። የምቆርጠውን መስመር ለማየት አንገቴን አጣምሜ ነው የምሠራው። አንዳንዴ ሲሰለቸኝ ወደ ላይ ገልብጬው በባዶ ዓይኔ እጨርሳለሁ። አንዱ ባልደረባዬ በጥርስ ሳሙና እሸው አለኝ። ሌላው በቲነር አንዴ ብትጠርገው እንደ አዲስ ይሆናል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሙቅ አየር መንፊያ አስጠጋበትና ጭረቱ ቀልጦ ይገጥማል ብሎኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቲነሩን ጣሳ ከፍተኸው ከሆነ መጀመሪያ ክደነው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ቲነሩ አይደለም። «ገልብጬው በባዶ ዓይኔ እጨርሳለሁ» ያልከው ነው። ጭረት የመልክ ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የማያሳይ መከላከያ ሰው ፊት ላይ አይቆይም። ትንሽ ትታገሠዋለህ፤ ከዚያ ትገለብጠዋለህ። ብረቱ ግን የመጨረሻ ቁራጭ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ጥያቄህን ሰፋ አድርጌ ልመልስ። እስከዚያው አንድ ነገር አደራ፦ ከሥር የመከላከያ መነጽር አድርግ። ፌስ ሺልድ ብቻውን ለዓይን በቂ አይደለም። በጎንና በአገጭ በኩል ክፍት ነው። ብናኝ ደረትህ ላይ ነጥሮ ከታች ይገባል። መነጽሩ ከሥር ካለ፣ ተሳስተህ ብትገለብጠው እንኳ ዓይንህ ባዶውን አይቀርም።

አሁን ወደ ጭረቱ። ምንም ነገር ከመቀባትህ በፊት እጠበው። ቀላል ነገር ያወራሁ እንዳይመስልህ። የመሣሪያ መጋዘን በምጠብቅበት ጊዜ «አልቋል፣ ይቀየርልኝ» እየተባለ የሚመጣልኝን ፌስ ሺልድ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ቧንቧ ነበር የምወስደው። ስንቱ የተጫረ የመሰለው የዘይት ጭጋግና የብረት ብናኝ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል! ባለቤቱ ራሱ አይቶ አያምንም።

አስተጣጠቡ ግን ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ እጅህን ሳታስነካ ለብ ያለ ውኃ አውርድበት። ልቅ የሆነው ብናኝ በውኃው ይሂድ። ቀጥሎ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣቶችህ ጫፍ አዳርሰው። ስፖንጅ አትጠቀም፤ የስፖንጁ አረንጓዴ ጀርባማ ጭራሽ አይነካውም። ጣትህ አሸዋ ካገኘ ይሰማዋል፤ ስፖንጅ ግን አይነግርህም። ከዚያ አለቅልቀው፣ አራግፈው፣ ንጹሕ የጥጥ ወይም የማይክሮፋይበር ጨርቅ እያስነካህ ውኃውን ምጠጠው። አትጥረገው፤ አስነካው ነው የምልህ።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። አንተ የምትወቅሰው ግራይንደሩን ነው። እስቲ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ ብርሃን ያዘውና ጭረቶቹን አስተውል። ከግራይንደር የመጣ ጉዳት ነጥብ ነጥብ ነው። ትኩስ ፍንጣሪ ሲያርፍ ትንሽ ጉድጓድ ያቃጥላል፤ አንዳንዴም የብረቷ ፍሬ እዚያው ተቀብራ ትቀርና በኋላ ትዝጋለች፤ ቡናማ ጠቃጠቆ ትሆናለች። አንተ የነገርከኝ ግን የመስመር ድር ነው። መስመር የሚመጣው ከመጥረግ ነው። ሥራ መሃል ብናኝ ሲሸፍንህ በጓንትህ ጀርባ ሙልጭ አድርገህ ትጠርገዋለህ አይደል? ቀኝ እጅህ የሚደርሰው ቀኝ ዓይንህ ፊት ነው። ለዚህ ነው ግራው ደህና ሆኖ ቀኙ ያለቀው።

ብናኙ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂና ከዲስኩ የረገፈ ቅንጣት አለ። የግራይንደር ዲስክ ብረት የሚበላው እኮ ቅንጣቱ ከብረት ስለሚጠነክር ነው። ተራ የአሸዋ አቧራ ራሱ ከመስታወት ይጠነክራል። ያን ሁሉ ከጓንትህ በታች አድርገህ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ስትጎትት በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ደግሞ ደረቅ ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና አቧራውን መልሶ ይስባል። ጠረግከው፣ ቆሸሸ፣ እንደገና ጠረግከው። በሦስት ወር ያለቀው እንዲህ ነው።

ታጥቦም ጭረቱ ከቀረ ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው የጥፍር ነው። የአውራ ጣትህን ጥፍር በጭረቱ ላይ በአግድም አሳልፈው። ጥፍርህ ሳይይዘው ካለፈ ቀላል ነው፤ በፖሊሽ ይሻሻላል። ቀጭ እያለ ከያዘው ጥልቅ ነው። ሁለተኛው የውኃ ፈተና ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይኼኛውን ነው። በጣትህ ውኃ አንስተህ ጭረቱን አርጥበውና በዚያ በኩል ተመልከት። ጭረት የሚታየው ብርሃን ጠርዙ ላይ ደርሶ ስለሚበታተን ነው። ፕላስቲኩና አየሩ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን በጣም ይራራቃል። ውኃ ግን ወደ ፕላስቲኩ ይቀርባል፤ ሽንቁሩን ሲሞላው ብርሃኑ ብዙም ሳይደናቀፍ ያልፋል። ስታረጥበው ድሩ እልም ካለ ጭረቱ የላይ ላዩን ነው። እርጥብ ሆኖም አሁንም ቁልጭ ብሎ ከታየህ በከንቱ አትድከም።

ቀጥሎ ዕቃህ ምን እንደሆነ እንወቅ። ለግራይንደር የሚሆነው ፌስ ሺልድ ብዙውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጥርት ያለ፣ ግጭት የሚችል ፕላስቲክ ነው። ጠርዙ ላይ የተቀረጹትን ትንንሽ ፊደሎችና ቁጥሮች በጥሩ ብርሃን ፈልጋቸው። በአሜሪካው ደረጃ የተሠራ ከሆነ «ዜድ 87» የሚል ይኖረዋል፤ ከጎኑ የመደመር ምልክት ካለው ለግጭት ተፈትኗል ማለት ነው። በአውሮፓው ኢኤን 166 የተሠራው ደግሞ ፊደል አለው። «ኤፍ» ማለት 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ስትመጣበት ችሏል ማለት ነው። «ቢ» 120 ሜትር፣ «ኤ» ደግሞ 190 ሜትር በሰከንድ። 120 ሜትር በሰከንድ በሰዓት ሲሰላ 432 ኪሎ ሜትር ነው! «ቢ» ካለው ይህን የሚችል ፕላስቲክ ነው ፊትህ ላይ ያለው። «ኬ» የምትል ፊደል ካየህ ደግሞ የላይ ገጹ የደቃቅ ብናኝ ጭረት እንዲቋቋም ሆኖ ተፈትኗል።

ፖሊካርቦኔት የሚገርም ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኸርማን ሽኔል ጀርመን ውስጥ ባየር ኩባንያ፣ ዳንኤል ፎክስ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ሳይተዋወቁ በአንድ ሰሞን ደረሱበት። ጥንካሬው ግን የግጭት ጥንካሬ ነው። ሲመቱት ይለጠጣል እንጂ አይፈረካከስም። ይህ ለስላሳነቱ ነው በቀላሉ እንዲጫር የሚያደርገውም። ፊትህን የሚያድነውና የሚጫረው ያው አንድ ጠባዩ ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ላይ አምራቾቹ ጭረት የሚከላከል ጠንካራ ሽፋን ይቀቡበታል። ሽፋኑ ግን ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ከጸጉርህ ስንት ጊዜ የቀጠነ!

የፖሊሹ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። ሽፋን ያለውን ስታሽ ሽፋኑን ነው የምትልጠው። በታሸው ቦታ ላይ የዛሬው ጭረት ይጠፋል፤ የነገው ግን በእጥፍ ፍጥነት ይመጣል። አንዳንዴም ሽፋኑ እኩል አይለቅም፤ ዳርና ዳር ያልለቀቀው እንደ ካርታ ወሰን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሽፋን ያለው ከሆነና ጭረቱ ከዓይንህ መስመር ውጭ ከሆነ ተወው። አትንካው። ሽፋን የሌለው ከሆነ፣ ወይም ሽፋኑ ቀድሞውኑ ካለቀ፣ ሞክር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለፕላስቲክ ተብሎ የተዘጋጀ ፖሊሽ ፈልግ። የመኪና የፊት መብራት ማጥሪያ ተብሎ የሚሸጠው ደቃቁ ዓይነት ይሆናል፤ የመብራቱ ሽፋን ራሱ ፖሊካርቦኔት ነውና። የሩዝ ፍሬ የምታህል በጨርቅ ላይ አድርግ። በሁለት ጣትህ ክብ ክብ እያደረግህ፣ ሳትጫን፣ ከጭረቱ ሰፋ ያለ ቦታ እሽ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አትክረም፤ እዚያው ከተከረመ ቦታው ይሰረጉድና የምታየውን ነገር ያወዛውዝብሃል። አንድ ሁለት ደቂቃ ካሸህ በኋላ እጠበውና እየው። ከተሻለ ድገመው። ሦስት ጊዜ ደግመህ ለውጥ ከሌለ በዚህ ፖሊሽ የሚለቅ አይደለም። በድሪል ላይ በሚገጠም ፖሊሽ ማድረጊያ አትሞክረው። ፍጥነቱ ፕላስቲኩን ያግለዋል፤ የጋለ ፕላስቲክ ደግሞ ይቀባባል እንጂ አይጠራም።

የጥርስ ሳሙናውን ባልደረባህ የነገረህ ውሸት አይደለም። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስ የሚፈትግ ደቃቅ ዱቄት አለ፤ እሱ ነው የሚሠራው። ችግሩ ዱቄቱ ለጥርስ ተብሎ የተለካ መሆኑ ነው። የአንዱ ደቃቅ ነው፣ የሌላው ሻካራ ነው፤ «ያነጣል» የሚባለው ደግሞ ይብሳል። አሮጌ ፌስ ሺልድ ካለህ በእሱ ጥግ ላይ ሞክረው። ቀላል ጭጋግ ይገፍልሃል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ግን አይነካም።

ጥልቅ ጭረት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል ወይ? ይለቃል። አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። ውኃ እያጠጣሁ በ1000 ቁጥር ጀመርኩ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይደቅቃል። ፕላስቲኩ በሙሉ ወተት መሰለ፤ ልቤ ስንጥቅ አለ። ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000፣ በመጨረሻ ፖሊሽ። በየቁጥሩ የእሽታውን አቅጣጫ ቀይር፤ አንዱን አግድም ካሸህ ቀጣዩን ሽቅብ። ያኔ የፊተኛው ቁጥር የተወው መስመር ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ማየት ትችላለህ። ይህን ካልጠበቅህ መጨረሻ ላይ ፖሊሽ አድርገህ ስትጨርስ የ1000ው ጭረት ከሥር ብቅ ይልብሃል፤ ሀ ብለህ መጀመር ነው።

ታዲያ ስጨርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው እንደ አዲስ ነበር። አድርጌው ቀና ስል ግን የበሩ መቃን ጠመመ። ራሴን ወደ ግራ ሳዞር የወለሉ መስመር እንደ እባብ ተላወሰ። ያሸሁበት ቦታ ስለሳሳና ስለተሰረጎደ ፕላስቲኩ ደካማ ሌንስ ሆኗል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ሠራሁበትና ራሴን አመመኝ። ብረት በምትቆርጥበት መስመር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር መዋዠቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ለግጭት የተፈተነ ፌስ ሺልድ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። የሚያስፈልግህ ቦታ ላይ ያዛባብሃል፤ በማያስፈልግህ ቦታ ላይ ደግሞ ልፋቱ ትርፍ የለውም።

ሙቅ አየሩን የመከረህ ሰው ምናልባት አክሪሊክ የሚባለው ሌላ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲሠራ አይቶ ይሆናል። የአክሪሊክ ጠርዝ በነበልባል ዳበስ ሲደረግ በእርግጥ መስታወት ይመስላል። ፖሊካርቦኔት ግን እንደሱ አይደለም። ከአየሩ እርጥበት መጥጦ ይይዛል። በድንገት ሲግል ያ እርጥበት ውስጥ ለውስጥ አረፋ ይሆናል። ወደ 147 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ደግሞ መለስለስ ይጀምርና ቅርጹ ይሄዳል። በአንዴ አረፋም ጠማማም ሆኖ ታገኘዋለህ።

ቲነሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ፌስ ሺልዴ ላይ ቀለም ተረጨብኝ። ቲነር በጨርቅ ነክሬ ጠረግኩት። ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ፤ ፕላስቲኩም ጥርት አለልኝ። ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ከፍታው ከወገቤ አይበልጥም። አንስቼ ወደ ብርሃን ስይዘው፣ ከራስ ማሰሪያው ጋር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ቀጫጭን ስንጥቆች እንደ ፀሐይ ጨረር ተበትነዋል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ቀጭ አለና እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። በመዶሻ ቢመቱት እምቢ የሚል ዕቃ! ለረጅም ጊዜ ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር። ብሎን የገባበትና የታጠፈበት ቦታ ሁልጊዜ በውጥረት ላይ ነው። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ወደዚያ ውጥረት ሠርገው ይገባሉ፤ ፕላስቲኩን አጥብቆ የያዘውን ያላላሉ። ላዩ ጠርቶ ውስጡ ይሰነጠቃል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ለፖሊካርቦኔት አይሆንም። ያን ቀን ፕላስቲኩ የተሰነጠቀው ጠረጴዛ ሥር ሆኖ እንጂ ፊቴ ላይ ሆኖ ቢሆንስ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጭረቱ ከውጭ ይሁን ከውስጥ ለይ። ከፊት የመጣ ነገር ሲመታው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ያኔ የሚለጠጠው የውስጥ ገጹ ነው። ፖሊካርቦኔት ደግሞ ሹል ሽንቁር ካገኘ ስንጥቁን ከዚያ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ወደ ፊትህ በኩል ያለ፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ከዓይንህ መስመር ቢርቅም፣ ይቀየር እላለሁ። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካየህ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ከሄደ፣ ወይም አንድ ጊዜ ከባድ ነገር መትቶት ከሆነ ደግሞ ምንም ጭረት ባይኖረውም ያው ነው፤ ይቀየር።

የአንተን በተመለከተ፦ በቀኝ ዓይንህ ፊት ከሆነ፣ አጥበህ በውኃ ፈትነህ ካልጠፋ፣ ፕላስቲኩን ብቻ ቀይረው። የራስ ማሰሪያው ከተመቸህ ይቆይ። አብዛኞቹ ላይ የፊቱ ፕላስቲክ ለብቻው ይወልቃል፤ ቅያሪው የዚያው ምርት መሆኑን ግን አረጋግጥ። ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ ሌላ አትግጠም። የወለቀውን አትጣለው፤ ፖሊሽ ተለማመድበት።

አዲሱን ደግሞ እንዲህ ያዘው። ሥራ መሃል ብናኝ ሲሸፍነው አትጥረገው፤ ራስህን ጎንበስ አድርገህ በጣትህ ጠርዙን ጠብ ጠብ አድርግ፣ ይረግፋል። የውኃ መርጫ ጠርሙስ አጠገብህ ይኑር። ሥራ ሲያልቅ ፊቱን ወደ ታች አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥ፤ ምስማር ላይ ስቀለው። ከመፍቻና ከዲስክ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስገባው። አሮጌ ካልሲ ወይም የጥጥ ከረጢት አጥልቅበት። ፊቱ ላይ ተለጥፎ የሚላጥ ስስ መከላከያ ፕላስቲክ ካገኘህለት ደግሞ እሱ ይጫርልህ፤ ሲደበዝዝ ልጠህ ሌላ ትለጥፋለህ።

ጥያቄ፦ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የእኛ ስስ ነው፤ ሲታጠፍ ወረቀት ይመስላል። በየቀኑ በአልኮል እናጸዳዋለን፤ አንዳንዴ በረኪናም እንጠቀማለን። አዲስ ካወጣሁት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጭጋግ አለበት። ጭረት ነው? በፖሊሽ ይለቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የጠየቅሽኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ጭጋግ ጭረት ላይሆን ይችላል። በጥፍርሽ የፕላስቲኩን ጥግ ጫር ጫር አድርጊው። አዲስ ፌስ ሺልድ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ገጹ ላይ ስስ መከላከያ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ይመጣል። ብዙ ሰው የውጭውን ይልጥና የውስጡን ሳያይ ይቀራል። ወር ሙሉ እንደዚያው አድርጎ «ዓይኔ ደከመ» ያለ ሰው አውቃለሁ። ጥጉን ይዤ ስልጥለት ያየሁበት ፊት አይረሳኝም።

የኋላ የኋላ የመጣው ድብዘዛ ግን ከማጽጃው ይመስለኛል። እነዚህ ስስ ፕላስቲኮች ብዙውን ጊዜ በውስጥ በኩል እንፋሎት እንዳይዝ የሚያደርግ ቅብ አላቸው። ያ ቅብ በአልኮል ደጋግሞ ሲታሽ ቦታ ቦታውን ይለቃል፤ የተጨማለቀ ይመስላል። ይህ በፖሊሽ አይመለስም። ጭራሽ የቀረውን ቅብ ነው የሚያነሳው። ስስ ስለሆነም እያሸሽ ይተጣጠፋል፤ እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ አይተሽ የተፈቀደውን ማጽጃ ብቻ ተጠቀሚ። «አንዴ ተጠቅመው ጣለው» የሚል ከሆነ ቃሉን አክብሪው። ደጋግመሽ የምትጠቀሚበት ዓይነት ከሆነ ግን ከማጽጃው በፊት በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ የጥርስ ቅርጽ የምታወጡበት የጂፕሰም ብናኝ ሳይወርድ በአልኮል ጨርቅ ከጠረግሽው የምትጭሪው ራስሽ ነሽ። በወረቀት መሐረብም አትጥረጊው። ወረቀት ለእጅ ይለሰልሳል እንጂ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ደረቁን በተደጋጋሚ ሲታሽ ፕላስቲክ ላይ ምልክት ይተዋል። በረኪናን በተመለከተ መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ ተይው። ከአልኮልና ከሌላ ማጽጃ ጋርማ በፍጹም እንዳትቀላቅዪው፤ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የእንጨት ቶርኖ ላይ ነኝ። ጭረቱ ላይ የመኪና ሰም ስቀባበት ጠፋልኝ። ይኼን ያህል ፖሊሽ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አልጠፋም፤ ተሞልቷል እንጂ። ቅድም ስለ ውኃ ያልኩት ነው። ሰሙ ሽንቁሩ ውስጥ ገብቶ የብርሃኑን መንገድ አቃንቶልሃል። ለጥቃቅን ጭረት ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። የመኪና ሰም አንዳንዱ ውስጥ ማሟሚያ አለ፤ ሲሸትት ቲነር ቲነር የሚል ከሆነ አይሆንም። ለፕላስቲክ እንደሚሆን የተጻፈበትን ምረጥ። ሌላው፣ በሙቀትና በመታጠብ ይወጣል፤ በየሳምንቱ ትቀባለህ። ቶርኖ ላይ የሚፈናጠረው የእንጨት ጉማጅ ደግሞ ከብረት ብናኝ ይከብዳል። ሰሙ የሸፈነው ጭረት ጥፍር የሚይዝ ከነበረ፣ አሁን ባይታይህም እዚያው አለ። ሰሙን አንስተህ በጥፍርህ ፈትሸው፤ በተለይ የውስጡን ገጽ።

ጥያቄ፦ የሞተር ሳይክል ሄልሜቴ መስታወት ላይም ያው ይሠራል? በማታ የሚመጣው መኪና መብራት ኮከብ ኮከብ ይሆንብኛል።

መልስ፦ አጥበህ ካልጠፋ ዛሬውኑ ቀይረው፤ እስክትቀይረው በማታ አትንዳ። ለቀን ጉዞ እንኳ ቢሆን የሄልሜት መስታወት በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም፤ ከፊትህ ያለውን ርቀት ያዛባብሃል። ሰሙም አያዋጣም፤ ዝናብ ሲመጣ ሰሙ ያለበትና የሌለበት ቦታ ውኃውን በተለያየ መንገድ ነው የሚያወርደው። ነፍሳት ደርቀውበት ከሆነ እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሰው፤ ራሱ ለስልሶ ይለቃል። በጥፍርህ አትፋቀው።